ከጥግ የተጀመረው ሹራብ

ክረምት ላይ፣ ታክሲ ውስጥ ሹራቡ የረጠበበት ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ የሱፉ ሽታ ወደ መካኒሳው ቤታችን ይመልሰኛል። እናቴ የተማሪ ሹራብ እየሠራች ነበር የምታሳድገኝ፤ የታጠበው ክርም ከአልጋው ራስጌ እስከ በሩ ድረስ ተሰቅሎ ይውል ነበር።

አስናቀች ወደ እኛ የመጣችው እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የሟች አክስቴ ልጅ ናት፣ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም ነበር። እናቴ ሹራብ መሥራት አስተማረቻትና፣ «አንድ ሹራብ ብቻሽን ከጨረስሽ መስከረም ላይ አስመዘግብሻለሁ» አለቻት።

ያን ክረምት አስናቀች ውሃ ቀድታ፣ ዕቃ አጥባ፣ እናቴንም አግዛ ስትጨርስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የራሷን ትሠራ ነበር። የተሰጣት ቁርጥራጭ ክር ስለነበር እንደ እናቴ ከወገብ አልጀመረችም። ከአንድ ጥግ መርፌው ላይ በሦስት የክር ዐይን ተነሥታ፣ በየመስመሩ አንድ አንድ እየጨመረች፣ ስፋቱ ሲበቃት ደግሞ እየቀነሰች እስከ ማዶው ጥግ ወሰደችው፣ ቀለማቱም ከትከሻ ወደ ወገብ በሰያፍ ወረዱ።

«ማን አሳየሽ?» አልኳት።

«ማንም። አጭር አጭሩ ክር ለጥጉ ይበቃል ብዬ ነው።»

እንደዚያ የሚያምር ሹራብ አይቼ አላውቅም ነበር፣ የእኔ አለመሆኑም አንገበገበኝ።

ጳጉሜን ላይ አለቀ። እናቴ አገላብጣ አየችው፣ ስሕተት ፈለገች፣ አጣች። አስናቀች ትምህርት ቤት ከዋለች እናቴን የሚያግዛት እንደማይኖር እኔም አውቅ ነበር። እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «እስቲ ይህን ለብሳ ብትሄድ ልጆቹ ምን ይሏታል?» አለችኝ።

አስናቀች ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

«ይሥቁባታል» አልኩ። «ጠማማ ነው።»

«በይ ፍቺውና እንደ ሰው አድርገሽ ሥሪው» አለቻት እናቴ፣ «ለከርሞ ትገቢያለሽ።»

አስናቀች አላለቀሰችም። ስፌቱን ፈትታ የክሩን ጫፍ ሰጠችኝ፣ እኔም ጨዋታ ሆኖልኝ እየጎተትኩ እስከ ግቢው በር እሮጥ ነበር። ሦስት ዐይን ብቻ ሲቀር ተቀበለችኝና ራሷ ሳበችው።

በጋውን ሙሉ የሌላ ሰው ልጆች ሹራብ ስትሠራ ከረመች። ክረምት ሲገባ እናቴ ቀይና ነጭ አዲስ ክር ገዝታ ፊቷ አስቀመጠችና፣ «ያንን በሰያፍ የሚወርደውን ለእኅትሽ ሥሪላት፣ እጅሽ ያምራል» አለቻት። ሠራችልኝ። መስከረም ላይ ለብሼው ስሄድ አስተማሪዬ ክፍሉ ፊት አቁማ አሳየችኝ፣ ማን እንደሠራልኝ ስትጠይቀኝም «እናቴ» አልኳት።

ቤት ስገባ አስናቀች፣ «ሣቁብሽ?» አለችኝ።

«አልሣቁም።»

ራሷን ነቅንቃ ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ ትምህርት ቤት መግባት ቤታችን ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም።

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። አስናቀች ላፍቶ ልጆቿን ይዛ ትኖራለች፣ እኔ ጀሞ ነኝ። ባለፈው ሰኔ አንደኛ ክፍል የጨረሰች ልጇን የውጤት ካርድ ይዛ መጣችና፣ «እስቲ አንብቢልኝ፣ ልጅቷ ያለችኝ እውነት መሆኑን ልወቅ» አለችኝ። ያኔ እሷን ከትምህርት ቤት ያስቀረች አንዲት ቃል ሳላስብ ወርውሬ ነበር፤ አሁን አንዲት ቁጥር እንዳልስት እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት። ስጨርስ ካርዱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።