በዘይት ቆርቆሮ የተተከለች ጃስሚን

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ማታ ውርጩ እንዳያቃጥላት ጃስሚኔን ከነቆርቆሮዋ ከደጅ አንሥቼ ሳስገባት፣ ሽታዋ ክፍሉን ሞልቶ ጅቡቲ ከተማ፣ አርሂባ ሠፈር፣ ወዳደግሁበት ደጃፍ ይመልሰኛል።

እናቴ የጃስሚን፣ የነጭ አበባ ሐረግ፣ ቅርንጫፍ ከየመናዊት ጎረቤታችን ለምና በዘይት ቆርቆሮ ተክላ ከመስኮታችን ሥር አስቀምጣት ነበር። መሬት እንዳትተክላት የከለከለው አባቴ ነው፤ ወደብ መጋዘን እየሠራ በየዓመቱ «ዘንድሮ አገራችን እንገባለን» ይል ስለነበር፣ የማይነሣ ዕቃ አይወድም ነበር፤ ቁም ሣጥን እንኳ ሳይኖረን ልብሳችን ከሻንጣ አይወጣም። እናቴ ደግሞ መንከራተት ሰልችቷት እዚያው መቅረት ነበር የምትፈልገው።

«ለመንገደኛ አትክልት ምን ያደርግለታል?» ይላታል።

«አንተ ሂድ፣ እኛ እንቀመጣለን» ትለዋለች ሳቋን ይዛ።

ቀዝቃዛው ወራት ሲገባ፣ ቀዝቃዛ ከተባለ፣ ሐረጓ በመስኮቱ ብረት ላይ እየተጠመጠመች ሽቅብ ትወጣ ነበር፤ እናቴ እምቡጦቹን በክር ሰክታ አንገቴ ላይ ስለምታጠልቅልኝ፣ ትምህርት ቤት ክፍሌ ውስጥ የሙሽራ ሽታ ነበረኝ።

ሙቀቱ ሲመጣ ግን ትኩሱ የአሸዋ ነፋስ ቅጠሏን ይጠብሰው፣ ጨዋማው የቧንቧ ውኃ ሥሯን ያቃጥለው ነበር። አንድ ዓመት ቅጠሏ ረግፎ፣ እናቴም እህል አልበላ ብሏት ሳለ፣ አባቴ ከሥራ ጀሪካን አንጠልጥሎ ገባ፤ ከመጋዘኑ ቢሮ የአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበውን፣ ጨው የሌለበትን ውኃ ሲያጠራቅም ውሏል። «ለአትክልት ብዬ አይደለም፤ ሲፈስ አይቼ አሳዘነኝ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሙቀቱ እስኪያልፍ ድረስ፣ ሠፈርተኛው እየቀለደበት፣ በየቀኑ ያመጣላት ነበር።

በሌላው ዓመት፣ ቀዝቃዛው ወራት ሲመለስ፣ አባቴ እውነትም አገር ለመግባት ቆረጠ። ሻንጣው ሁሉ መኪና ላይ ተጭኖ፣ ሹፌሩ እየቸኮለ፣ አባቴ ቆርቆሮዋን ሊያነሣ ጎንበስ ቢል አልነቃነቅ አለችው፤ ቆርቆሮው ከታች ዝጎ ተበልቷል፣ ሥሯ መሬት ይዟል። እናቴ ፊቷን አዞረች። አባቴ ተቀምጦ ሥሯን ብዙ ካየ በኋላ ወደ ሹፌሩ ዞሮ «ሻንጣውን አውርድልን፣ ወንድሜ፤ እኛስ ቀረን» አለው። እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ እኔም ደስ ብሎኝ አብሬ አለቀስሁ። በሳምንቱ ቁም ሣጥን ገዛ።

የእኔዋን አምና ወደዚህ ስመጣ አባቴ ራሱ ከዚያችው ቆርጦ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኝቶ ሰጠኝ። ዛሬ ሲደውል ከጤናዬ በፊት «አስገባሻት?» ይለኛል። እነሱ ከሙቀት ይከልሏት ነበር፣ እኔ ከውርጭ እሸሽጋታለሁ፤ የእነሱ አልነሣም አለች፣ የእኔዋ ገና ለማንሣት ቀላል ናት።