እትዬ ቻው የመክፈቻውን ዘፈን የዘፈነችበት ቀን

የአክስቴን ትክክለኛ ስም ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ እትዬ ቻው ነበረች። በቴሌቪዥን ጣቢያው የልጆች ዝግጅት ላይ አንዲት ወጣት የመክፈቻውን ዘፈን ትዘፍናለች፤ ጋሽ ድብ የሚባለው ተራኪ የድብ ልብስ ለብሶ ተረት ያወራል። አክስቴ ሁሉም ካለቀ በኋላ በቢጫ ቀሚሷ ብቅ ትልና የስንብቱን ትዘፍናለች፦

ጫማ ጫማችሁን አድርጉ፣
እናት እናታችሁን ፈልጉ።

ስቱዲዮው ምንጣፍ ላይ በባዶ እግራቸው የተቀመጡት ልጆች ይህን ሲሰሙ እየተነጫነጩ ይነሱና በር ላይ የተደረደረ ጫማቸውን ያጠልቃሉ። የስርጭቱ ሰዓት እንዳያልፍ ይህን ልማድ ያስያዘቻቸው ራሷ ናት። ሥራዋን አሳምራ ሠራች፤ ልጆቹም አሳምረው ጠሏት። መንገድ ላይ ሲያዩዋት እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ይወሸቃሉ። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ተሰልፋ ሳለ አንድ ሕፃን አያትና፣ "እማዬ፣ ዳቦው አለቀ ማለት ነው?" አለ።

ታናሽ እህቷ፣ እናቴ፣ አትምራትም ነበር።

"አንቺና ልጆች ቀባሪና ሟች ናችሁ።"

"እስቲ ተይኝ።"

"ልደት ላይ የምጠራሽ ለምን መሰለሽ? እንግዳ እንድትበትኚልኝ እኮ ነው።"

አክስቴ ትስቃለች። ልጅ አልወለደችም። ጡረታ ከመውጣቷ በፊት አንዴ እንኳ መክፈቻውን ዘፍና፣ እሷን ሲያዩ ፊታቸው ሲፈካ ማየት ነበር ምኞቷ። አዘጋጁን ትለምነዋለች፤ እሱም "እሺ፣ እናያለን" እያለ ዓመት ዓመትን ወለደ።

ከዚያ የመክፈቻዋ ዘፋኝ ድምፅ ተዘጋ። ስርጭቱ ቀጥታ ነው፣ ሌላ ሰው ደግሞ የለም።

"በይ እንግዲህ፣ የጓጓሽለት ደረሰልሽ" አላት አዘጋጁ።

ለዚህ ቀን ብላ ያሰፋችው ሰማያዊ ቀሚስ ቁምሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ኖሯል። እናቴ በታክሲ አደረሰችላት፤ እኔም አብሬያት ሄጄ፣ ሁለታችንም ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ቆምን።

መብራቱ በራ። አክስቴ እጆቿን ዘርግታ እየዘፈነች ገባች። "እንኳን ደህና መጣችሁ" ስትል ድምፅዋ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም። ያን ድምፅ ለማስታወስ ስንቴ ሞክሬያለሁ፤ የሚመጣልኝ ግን ለቅሶው ነው። ልጆቹ ቃሉን አልሰሙም፤ ያዩት እሷን ነው። ፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ ከንፈሯን ጣለች።

"አሁን ገና መጣን እኮ!"

ከዚያ ሁሉም እየተነፋረቁ ተነሥተው ወደ ጫማቸው ሄዱ።

"አይደለም፣ የኔ ጌቶች! ገና ነው! ገና አልጀመርንም!" እያለች ተከተለቻቸው። በቀረበቻቸው ቁጥር እነሱ ፈጠኑ።

"አስወጧት! ድቡን አስገቡልኝ!" ብሎ አዘጋጁ ጮኸ።

እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "አላልኳትም?"

ጋሽ ድብ የድቡን ጭንቅላት በቅጡ ሳይገጥም ሮጦ ገባ።

"ማናት ያባረረቻችሁ?"

"እትዬ ቻው!"

"ትምጣ ብቻ! ቅርጥፍ አድርጌ ነው የምበላት!"

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ጫማቸውን ወርውረው ተመለሱ። ጋሽ ድብ ተረቱን ትቶ እሷን ፍለጋ ወንበር ሥር ገባ፣ ምንጣፉን ገለጠ። አየሩን እያሸተተ "ትሸታለች?" ሲላቸው "ትሸታለች!" ይላሉ።

አክስቴ መጋረጃው ጀርባ ቆማ ሁሉንም ትሰማለች። አዘጋጁ ፊቱ በርቶ መጣ።

"እንዴት እንደወደዱት አየሽ? ከእንግዲህ በየሳምንቱ እናደርገዋለን። በይ፣ ቢጫውን ልበሺና ውጪ። ሲጮሁብሽ ደንገጥ በይ።"

"ሲጮሁብኝ?"

"ልጆች አይደሉ? ምን አለበት።"

ቢጫውን ለበሰች። ገና ብቅ ስትል "ሂጂ! ሂጂ!" እያሉ በአንድ ድምፅ ጮኹ፤ አንዱ ትራስ ወረወረባት። አክስቴ ደረቷን ይዛ ወደ ኋላ አለች። ልጆቹ በሳቅ ተንፈራፈሩ። አዘጋጁ ከመስታወቱ ጀርባ ጣቱን በአየር ላይ አዙሮ "ድገሚው" የሚል ምልክት አሳያት።

አክስቴም ደግማ ደነገጠች።