ያልተረጎምኩት የአጎቴ ጥያቄ

በአየር ንብረት ድርድር አገሬን ወክዬ ብዙ ዓመት ተናግሬአለሁ። አንደበተ ርቱዕ ነው ይሉኛል። እንዲያ ባሉኝ ቁጥር ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ያለው የአጎቴ ማሳ ትዝ ይለኝና የምገባበት ይጠፋኛል።

የወረታ ልጅ መሆኔ ለሥራዬ ጠቅሞኛል። ሌላው ተደራዳሪ ስለ ጎርፍ ከወረቀት ሲያነብ እኔ «የተወለድኩበት ሜዳ» እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር። አንድ ክረምት ወደዚያው ሜዳ፣ ወደ ፎገራ ወርጄ የአጎቴን ማሳ ፎቶ አነሳሁ። ውሃ ተኝቶበታል፤ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ብሏል። ስብሰባው ላይ ግድግዳ በሚያህል ሸራ ሳሳየው አዳራሹ ከንፈር መጠጠ። ሩዝ ነበር። ሩዝ ደግሞ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያድገው፤ ማሳውም እንደዚያ ዓመት አምሮበት አያውቅም። ጎርፍ ነው አላልኩም፤ ሩዝ ነውም አላልኩም። ያኔ ይህን እንደ ብልጠት ቆጠርኩት።

ጣጣው በሚቀጥለው ክረምት መጣ። ገንዘብ ከሚሰጡት አገሮች የተላኩ ሦስት እንግዶች «ማሳውን በዓይናችን እንይ» አሉ። ከባሕር ዳር ተነስተን፣ ሐሙሲትን አልፈን ወረታ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ጭቃው መኪናውን ስለያዘው በእግራችን ገባን። አጎቴ ከቀበሌው የአንድ ለአምስት ስብሰባ ተጠርተው መጡ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። እንግዶቹን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

ከእንግዶቹ አንዷ ውሃው ምን እንዳደረሰባቸው ጠየቀች። ተረጎምኩላቸው።

«ይሄ ውሃማ ሲሳያችን ነው፤ ከሄደ ነው የምንሞት» አሉ። ከዚያ በዱላቸው ከማሳው ወዲያ ወዳለው ወንዝ አመለከቱ። «ክፉው ያ ነው። እዚያ መታጠፊያው ላይ ዳሩ ተበልቷል። አንድ ቀን ጥሶ የመጣ እንደሆን ቤትም ከብትም አያስተርፍ። ድንጋይ በሽቦ አስረው ይደርድሩልን በላቸው። ሌላ አንጠይቅም።»

ይህን ከተረጎምኩ የፎቶው ነገር ሊወጣ ነው።

«ውሃው ጨርሶናል፤ ከፈጣሪ በታች እናንተ ድረሱልን ይላሉ» አልኩ።

የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቀረረ። ጭቃ የነካውን እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። አጎቴ ፊታቸው በራ፤ ወደኔ ዞር ብለው «ገባት» አሉኝ።

የድንጋዩን ነገር ብቻ ነጥዬ ልነግራቸው እችል ነበር። ስንመለስ ሐሙሲት ላይ ለስላሳ ለመጠጣት ቆመናል፤ ከበቂ በላይ ጊዜ ነበረኝ። አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየጎተተ ፎቶው ላይ እንዳይደርስ ፈራሁና ስለ ጣና ዓሣ አወራኋቸው። በዓመቱ ሹመት አገኘሁ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ «የተሳካ የመስክ ጉብኝት» ነበር።

ከሹመቱ በኋላ በመጣው ክረምት ወንዙ እዚያው መታጠፊያ ላይ ጣሰ። ሰው ተርፏል። የአጎቴ ቤትና በሬዎች ግን የሉም። ወሬው የደረሰኝ ውጭ አገር፣ ስብሰባ ላይ ሆኜ ነው። ከአዳራሹ ወጥቼ በልጃቸው ሞባይል ደወልኩ። ወረታ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው ነበር። ይወቅሱኛል ብዬ ጠብቄአለሁ፤ ቢወቅሱኝም በተሻለኝ። እሳቸው ግን ድምፄን ሲሰሙ እኔኑ ማጽናናት ያዙ።

«አንተ ምን ታረግ ልጄ? እንደሁ ነግረሃቸዋል። ያቺ ሴትዮማ አልቅሳለች እኮ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አገሩ ሩቅ ነው፤ ሥራም ይበዛባቸዋል። ረስተውት ይሆናል እንጂ…»

መልሴን ጠበቁ። ከበስተኋላዬ የአዳራሹ በር ተከፍቶ ተራዬ መድረሱን አንድ ሰው በእጁ አመለከተኝ።

«አዎ፣ ረስተውት ነው» አልኳቸው።