እኔና አንቺ ብንካሰስ

«እኔና አንቺ ብንካሰስ ማን ይረታል?»

እህቴ ናት የጠየቀችኝ። ድንች እየቆፈርን ነበር። እሷ አፈሩን ትገለብጣለች፣ እኔ ከኋላ ከኋላዋ እየለቀምኩ ጆንያ ውስጥ እከታለሁ። ከተመረቅኩ ገና ሳምንቴ ነው። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ዛሬ ይዘንብ ይሆን ብላ እንደምትጠይቅ ሰው ነው ያለችኝ።

«የምን ክስ ነው የምታወሪው?»

«እንዲሁ ነዋ። ሕግ ተምረሽ የለ? ለኛ ያልነገርሽ ለማን ልትነግሪ ነው?»

መልሱን አውቀው ነበር። አልነገርኳትም። ድንቹን ወደ ጆንያው ስወረውር «ቀስ በይ፣ የተቀጠቀጠ ድንች አይከርምም» ብላ ተቆጣችኝ። ስለ ድንች እንኳ ከኔ በላይ ታውቃለች ብዬ ተናደድኩ።

ያ ማሳ ደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ጋፋት ወረድ ብሎ ያለ የአባታችን መሬት ነው። ነበር ልበል። አባዬ ሕመሙ ሲጠናበት መሬት አስተዳደር ቢሮ ሄዶ በስጦታ በእህቴ ስም አዞረላት። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ፤ የሚያስቀው ደግሞ ያን ሰሞን የምንማረው ስለ ስጦታ ነው። በስልክ «እኔስ አባዬ?» ስለው «አንቺማ ትምህርት አለሽ ልጄ» አለኝ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለኝ። ትምህርት አለሽ። እንደሱ ሲሉኝ የሆነ ነገር ሊወስዱብኝ ነው ማለት ነው።

እህቴ ከዐረብ አገር ስትመለስ እንደ ጓደኞቿ ከተማ ወርዳ ሱቅ ትከፍታለች ብለን ነበር። አልከፈተችም። ቀጥ ብላ አባዬ አልጋ ሥር ሄደች። እስኪሞት አስታመመችው፤ ማሳውን በእኩል እያሳረሰች፣ ቀለቡን እያስገባች፣ እማዬን እየደገፈች። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቄ ቅናቱን አላበረደልኝም፤ አባሰው እንጂ። በድላኝ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። ቢያንስ የምከሳት ነገር ይኖረኝ ነበር።

ደግሞ መሬቱ ብቻ አይደለም። ገበያ አብረን ስንወጣ ሰው እሷን አገላብጦ ይስማል፤ እኔን «ታናሿ ናት አይደል?» ይለኛል። እማዬ ትልቁን ጉርሻ የምትጠቀልል ለሷ ነው። ሽማግሌዎቹ እሷ ስታወራ ይስቃሉ፣ እኔ ሳወራ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

እውነቱን ልናገር። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይዤ ያቺን ስጦታ ቅማል እንደሚፈልግ ሰው ፈትሻታለሁ። ምስክር ጎድሎ ይሆን? አባዬ ራሱን ስቶ ይሆን? አስገድደውት ይሆን? ምንም የለም። አባዬ በገዛ እግሩ ሄዶ፣ ሰልፍ ይዞ፣ ከቢሮው ሠራተኛ ጋር ተጨቃጭቆ ነው የጨረሰ። እንዲህ ሙሉ የሆነ ስጦታ ፈተና ላይ እንኳ አላጋጠመኝም።

ሥራ አላገኘሁም። ደብረ ታቦር ፍርድ ቤቱ አጠገብ ድሃ በነፃ የሕግ ምክር የሚያገኝበት ክፍል አለ፤ እሱ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ተቀመጥኩ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። የሚነቃነቀው የኔ ነው።

ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይገባል። አንዲት እናት ገና ሳይቀመጡ፣

«ልጄ፣ መጥሪያ ሲያመጡልኝ በሬን ዘጋሁባቸው። ካልነካሁት አይነካኝም አይደል?» አሉኝ።

«ይነካዎታል እማማ። በርዎ ላይ ይለጥፉታል። በቀጠሮው ካልቀረቡ ደግሞ ጉዳዩን በሌሉበት ያዩታል።»

«በሌለሁበት? ታዲያ እኔን ሆኖ ማን ይናገራል?»

«ማንም።»

ትንሽ አሰቡ። «እንዲህማ ከሆነ ልሂዳ» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

አንዱ ደግሞ ይመጣና ቀድሞ የከሰሰ ይረታል አይደል ይለኛል። ቀድሞ የከሰሰ ሳይሆን ያስረዳ ነው የሚረታ እለዋለሁ። ሌላው የሚስቴ ወንድም ቢመሰክርልኝ ይሰማልኛል ወይ ይላል። ዘመድም ይመሰክራል፤ ማመን አለማመን የዳኛው ነው እለዋለሁ። ቶሎ ቶሎ ነው የምመልስላቸው፤ ሲደግሙብኝ አልወድም። ለማያውቁኝ ሰዎች መልስ አያጥረኝም ነበር። ማታ ግን ቤት ስገባ የድንቹ ማሳ ጥያቄ ይመጣብኛል።

ባለጉዳዮቹ ላይም እቀና ነበር። ምንም ቢጣሉ የሚጣሉበት ነገር አላቸው፤ አጥር፣ ጓሮ፣ ላም። እኔ በስሜ ያለኝ ዲግሪ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ማንም ድንበሩን አይገፋውም።

የእህቴን ግን ገፉት።

የገፋው አጎታችን ነው፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም። ማሳው ከእህቴ ጋር ይዋሰናል። አባዬ ከሞተ በኋላ ድንበሩ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ባሕር ዛፍ ሥሩ የጎረቤትን ውሃ ይጠጣል፣ ጥላው የጎረቤትን ገብስ ያቀጭጫል፤ ይሄን ማንም ያውቀዋል። የመጨረሻው ተርታ ደግሞ ጭራሽ ድንበሩን አልፎ እህቴ ማሳ ውስጥ ነው የገባ። እንዲያ ሆኖ ዛፉ ከጸና፣ የዛሬ ስንት ዓመት ድንበሩ የት ነበር ቢባል ሰው ሁሉ ዛፉን ነው የሚያሳይ። ከዚያ መሬቱ ሄደ ማለት ነው።

«ክሰሺው» አልኳት። «ሁከት ይወገድልኝ የሚባል ክስ አለ። ሰው ይዞታሽን ሲገፋብሽ የሚቀርብ ነው። ግን ሁለት ዓመት ካለፈው አይሰማልሽም።»

«የአባቴን ወንድም ሽማግሌ ሳላስቀምጥ ፍርድ ቤት ገትሬ፣ ስሞት ማን ሊቀብረኝ ነው?»

«ሽማግሌ ይዤ ነበር ብትይ ጊዜውን አያቆምልሽም እኮ።»

«እግዜር ያቆምልኛል።»

«እግዜር የሥነ ሥርዓት ሕግ አልተማረም።»

እማዬ አማተበችና «ይቺ ልጅ በመጨረሻ ቤታችንን መብረቅ ታስመታዋለች» አለች። እህቴ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ያላትን ነገር እንዴት እንደዚህ ቀለል አድርጋ ትይዘዋለች ብዬ በገንኩ። የሚወሰድባት ነገር እንኳ ያላት እሷ ናት፤ ለዚያውም ትስቃለች።

ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ማራዘም ያውቁበታል። ከጾሙ በኋላ፣ አሉ። ከአዝመራው በኋላ፣ አሉ። ቀጥሎ መንገድ ተዘጋ፤ ሲከፈት እናያለን፣ አሉ። ባሕር ዛፉ ቀጠሮ የለበትም፤ ቁመቴን አልፎ ሄደ። ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አጎቴ ራሱ የምክር ክፍሉ ድረስ መጣ።

የባለጉዳይ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጋቢው ውስጥ ቋጥሮ ቆሎ አምጥቶልኛል።

«እንደ ባለጉዳይ ልጠይቅሽ» አለኝ። «ልጅ ከአባቷ መሬት ድርሻ ትነፈጋለች ወይ?»

«የትኛዋ ልጅ?»

«አንቺን ነዋ! ሰው ሁሉ ያንሾካሹካል። እኔ ግን ደፍሬ ልንገርሽ፤ ተበድለሻል። ወንድሜ ያኔ ራሱን አያውቅም ነበር። ብትጠይቂ እመሰክርልሻለሁ።»

«ይሄ ደግሞ ከዛፍዎ ጋር ምን አገናኘው?»

«ዛፉን ተይው። ስለ አንቺ ነው የማወራሽ።»

እዚህ ላይ ልዋሽ አልችልም፤ ደስ አለኝ። ሰውየው ለምን እንደመጣ ገብቶኛል፤ እኔ ድርሻ አለኝ ካልኩ መሬቱ የእሷ መሆኑ ራሱ ጥያቄ ይሆናል፣ የድንበሩ ነገር ይቆያል፣ ዛፉ ይጸናል። ይሄን ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም። ግን አባዬ ከሞተ ጀምሮ ተበድለሻል ያለኝ ሰው አልነበረም። ከሌባ አፍም ቢወጣ ይጣፍጣል።

«ላስብበት» አልኩት። ቆሎውን ቆረጠምኩት። ጥሩ ቆሎ ነበር።

ሽምግልናው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ያለው ወይራ ሥር። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ አጎቴ በአንድ በኩል፣ እህቴ በሌላው ቆመዋል። እማዬ ራቅ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እኔ ዳር የቆምኩ ተመልካች ነኝ፤ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

«እንግዲህ ዋሳችሁን ጥሩ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

በኛ አገር ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ነገሩን ከመናገሩ በፊት ዋስ ይጠራል። ባለጉዳዩ ፍርዱን አልቀበልም ብሎ ቢያፈገፍግ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። አጎቴ የክርስትና አባቱን ልጅ ጠራ። ሰውየው ተነስቶ እጅ ነሳ።

«አንቺስ ልጄ?»

«የኔ ዋስ እህቴ ናት» አለች።

አልነገረችኝም ነበር። ብትነግረኝ ኖሮ አልመጣም ነበር። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«ዋስ የሚሆን ወንድ ጠፋ?» አለ አንዱ።

«ለምን አትሆንም? ሕግ የተማረች ልጅ ናት» አለ ሌላው።

«ሕጉስ ይሁን። ብታፈርስ ምኗን እንይዛለን?»

«ዲግሪዋን!»

ሳቁ። እህቴም ሳቀች፤ ግን አጭር ሳቅ ነበር። አጎቴ አልሳቀም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ ጋቢውን ትከሻው ላይ አነሳ።

«አባቶቼ፣ ባለጉዳይ ዋስ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ይቺ ልጅ ድርሻዬን ተነፈግሁ ባይ ናት። እውነት ከሆነ መሬቱ የሁለቱ ነው። እነሱ ሳይካፈሉ እኔ ዛፌን ከማን መሬት ላይ ልንቀል? መጀመሪያ ታናሺቱ ትጠየቅ።»

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ጥብቅ አደረገችው።

ትልቁ ሽማግሌ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እህትሽን የምትጠይቂው ነገር አለ? ካለ ዛሬ ተናገሪ። ዋስ ሆኖ ነገ መክሰስ የለም።»

አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃኝ። አለ። ሽማግሌዎቹ ተያይተው፣ ይሄማ ሌላ ነገር ነው ብለው፣ ለሌላ ጊዜ ይቀጥሩት ነበር። ሁለት ዓመቱ ያልፋል። እኔ ቁና ድንች አላገኝም፤ እሷ ግን ታጣለች። ያ ደስ ይለኝ ነበር? ትንሽ ይለኝ ነበር። ከሷ ጋር እኩል እንሆን ነበር፣ ሁለታችንም ባዶ።

እህቴን አየኋት። አላየችኝም። እግሯ ሥር ያለውን አፈር በስንጥር ትጭራለች፤ ልክ ያን ቀን ድንቹን ስትቆፍር እንደነበረው አቀርቅራለች። ስንጥሩ ተሰበረባት፤ በቁራጩ መጫር ቀጠለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትፈራ አየኋት። የፈራችው አጎቴን አልነበረም፤ እኔን ነው። ከሰው ሁሉ መሃል እኔን የጠራችኝም ለዚያ ነው። መልሱን ከአፌ መስማት ነበረባት፤ ለዚያውም ሰው ባለበት።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ቀና ሳትል። «አልመለስሽልኝም።»

«ምንድን ነው የጠየቅሻት?» አሉ ሽማግሌው።

እኔው ነገርኳቸው። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ፤ እማዬ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«እኔና አንቺ ብንካሰስ ማን ይረታል ነው ያለችኝ አባቴ። እሷ ትረታለች። አባዬ መሬቱን የሰጣት አእምሮው ሙሉ ሆኖ ነው፤ ቀዳዳ ፈልጌ አጥቻለሁ። እኔ ያለኝ ቅናት ነው፣ ቅናት ደግሞ ክስ አይሆንም። ዋሷ ነኝ። አሁን ወደ ዛፉ እንመለስ።»