በቆረብኩ ዕለት የሰጠሁት ደም

ታላቅ ወንድሜ ግራ ዓይኔን በመቋሚያ መታኝ፤ የቀረኝ ደኅና ዓይን እሱ ነበር። ወንድሜ ቄስ ነው። የመታኝም ቆርበህ ደም አፈሰስክ ብሎ ነው።

ቀኙን ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት በሽታ ጨርሶታል። ግራውን በጠብታ ይዤው ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ ወዲያ በዚያው በግራው ነው፤ ዳዊት መድገም ገና መጀመሬ ነበር።

በጥር ሥላሴ ቆርቤ ስወጣ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ሐኪሞች ሞላሌ ከተማ ላይ ግላኮማ ካለበት ሰው ዕንባና ደም ይወስዳሉ ሲባል ሰማሁ። አመሻሽ ላይ ወደ አዲስ አበባ ሊመለሱ ነው አሉ። የቆረበ ሰው ምራቁን እንኳ አይተፋም፤ ደምማ ጨርሶ አያፈስም። አውቄ ሄድኩ።

ነርሷ የዓይኔን የታችኛውን ቆብ ገልባ ቀጭን ወረቀት ሰካችበት። ወረቀቱ ዕንባዬን ጠጣ። ቀጥላ ከክንዴ ደም ቀዳች።

"ምን ልታገኙበት ነው?" አልኳት።

"በሽታው ዕንባና ደም ውስጥ የሚተወው ምልክት ካለ ብለን ነው አባባ። ገና ጥናት ነው፤ ለእርስዎ ዛሬ የሚጨምረው የለም። ወንድም እህት ካለዎት ግን ይመርመሩ፣ በዘር ይሄዳል።"

ወንድሜ ደጄ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ክንዴ ላይ ጥጡን አየ።

"ሥጋ ወደሙን ተቀብለህ ለመርፌ ሰጠኸው?"

"ሰጠሁ። እርስዎም ይመርመሩ፣ የዘር ነው ብለዋል።"

"የአንተን ደዌ ወደ እኔ ደም ልታስጠጋ?"

መቋሚያው ወረደ። ቅንድቤ ተሰንጥቆ ደሜ አፌ ገባ። ድንጋይ አንሥቼ ክንዱን ሰበርኩት። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማሁት፤ ደስ አለኝ። ዛሬም ንስሐ አልገባሁበትም።

ግራ ዓይኔ ከዚያ ወዲህ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። ይህን የምጽፈው ፊደሉን የአውራ ጣት ያህል አተልቄ ነው።

ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። በግ ይካስህ አሉኝ። "በግ አልፈልግም። እኔ ደም የሰጠሁበት ወንበር ላይ ይቀመጥ" አልኩ።

"ሳይቆርብ ነው እንግዲህ" አለ አንዱ ሽማግሌ። ወንድሜ ሳይስቅ እሺ አለ።

ሐኪሞቹ በግንቦት ተመልሰው ሲመጡ የወንድሜን የዓይን ግፊት ለኩ። ከፍ ብሏል። እሱም እንደኔ ጠብታ ተሰጠው። ዕንባውን በወረቀት ወሰዱ፤ መርፌው ሲገባበት ፊቱን አዞረ። እኔ መርፌው እስኪወጣ ድረስ አፍጥጬ ቆምኩ፣ የማየው ጥላውን ቢሆንም።

ታረቁ የተባልነው በዚያው ዕለት፣ ግንቦት አራት ቀን ነው።