ቦቲ፣ ቁጥር 1

አንድ ጊዜ ዳንግላ ለሥልጠና ጠሩን። የዞኑ የግዥ ሠራተኞች አንድ አዳራሽ ውስጥ ታጉረን ሳለ አሠልጣኙ በሌላ አገር የመንግሥት ሠራተኛ ዕቃ እንዴት እንደሚገዛ ነገረን። ዕቃው አነስተኛ ከሆነ ሠራተኛው የመሥሪያ ቤቱን የግዥ ካርድ ይዞ ሱቅ ይገባል፤ በካርዱ ከፍሎ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። አለቃው ምን እንደተገዛ በወሩ መጨረሻ ያያል። ይኼው ነው። ከዚያ አንዱ እጁን አውጥቶ «ካርዱ የት ይቀመጣል?» አለ። የሻይ ሰዓት ሳይደርስ መልሱ ተገኘ፤ ካርዱ ካዝና ውስጥ ይቆለፍበታል፣ ቁልፉን ሁለት ሰው ይይዛል፣ ካርዱ በወጣ ቁጥር ቃለ ጉባኤ ይያዛል። እጄን አውጥቼ ሦስተኛ ቁልፍ እንዲጨመር ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ተጨበጨበልኝ።

የምሠራው እንጅባራ፣ ከዞኑ መምሪያዎች በአንዱ ነበር። ዘመኑ የለውጥ ዘመን ነው። አንድ ለአምስት ተደራጅተናል፤ ጠዋት ጠዋት ስለ መልካም አስተዳደር እንወያያለን፤ የተገልጋይ መብት በትልልቅ ፊደል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የሥራ ሂደት መሪያችን ሌላ ሥራ ስለሌለው ቀኑን ሙሉ እስክሪብቶ ይዞ የሚዞር ሰው ነበር። «ሰነድ ያድናል» ይላል በየስብሰባው። ከምን እንደሚያድን የጠየቀው ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

የቀን ጥበቃችን ከአዲስ ቅዳም በኩል የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ሲናደዱ ግን ወደ አገውኛ ይሻገራሉ። የጥበቃ ቤቷ ወለል የላትም፤ ክረምት ሲገባ ቀዩ ጭቃ የቀርቀሃ ወንበራቸውን እግር ይውጠዋል። እሳቸው በዚያ ጭቃ ላይ በኮንጎ ጫማ ነው የሚውሉት። ከሥልጠናው በተመለስኩ ሳምንት፣ መጋቢት ላይ፣ በበሩ ሳልፍ ጠሩኝ።

«ና እስቲ ልጄ፣ ይቺን እይልኝ።»

ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ግራ እግራቸውን ዘረጉ። ጣቶቹ አብጠዋል፤ ቆዳው ሻክሯል።

«ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር» አሉ። «ነርሷ ዝሆኔ እየጀመረዎት ነው አለችኝ። አፈሩ ነው አለች። በሳሙና እየታጠቡ ድፍን ጫማ ካደረጉ ይቆማል፤ ይኼን ክረምት ጭቃ ውስጥ ከዋሉ ግን ያብጣል፣ ካበጠ ወዲያ ጫማም አይገባው አለችኝ።» ሱሪያቸውን መልሰው አወረዱ። «እናቴ በሁለቱም እግሯ ነበረባት። ሰርግ አይጠሯትም ነበር። ቦቲ በዓመት ይሰጣል ይሉኛል እንጂ አይቼው አላውቅም። በል ዝናቡ ሳይገባ አድርስልኝ።»

«ይደርሳል ጋሼ» አልኳቸው። ኪሴ ውስጥ የነበረው ገንዘብ ያን ቀን ሁለት ቦቲ ይገዛ ነበር። ግን እኔ የግዥ ባለሙያ ነኝ፤ ባለሙያ ከኪሱ አይገዛም።

የግዥ መጠየቂያ ቅጹን ሞላሁ። የዕቃው ዓይነት፣ መለኪያ፣ ብዛት። መለኪያ ከሚለው ሥር የምንጽፈው ሁልጊዜ «ቁጥር» ነው፤ ወንበርም ቁጥር፣ መጥረጊያም ቁጥር፣ የግድግዳ ሰዓትም ቁጥር። እጄ እንደ ልማዱ «ቦቲ፣ ቁጥር፣ 1» ብሎ ጻፈ። ከእኔ በኋላ አምስት ሰው ፈረመበት። ከአምስቱ አንዱ እንኳ ሰው በስንት እግር እንደሚሄድ አላሰበም።

ከዚያ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። የሦስት ነጋዴ ዋጋ በአንድ ሰው እጅ እንደተጻፈ ለማወቅ መነጽር አያስፈልግም፤ እኛ ግን ከፍተን አነጻጽረን አሸናፊውን በቃለ ጉባኤ እናውጃለን። የዳንግላ ሱቅ ስም የያዘው ሦስተኛው ፕሮፎርማ ማኅተም ጎድሎት ስለተገኘ ለማስመታት በሚኒባስ ዳንግላ ድረስ ሄድኩ። የተከፈለኝ አበል ከቦቲው ዋጋ ይበልጥ ነበር። ይህን ያኔም አውቀው ነበር፤ አላፈርኩበትም።

ቦቲው ሰኔ ውስጥ መጣ። ዝናቡ ቀድሞታል። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ በገመድ የታሰረውን ጥንድ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ወረቀቱን አየች፤ ቦቲውን አየች፤ ወረቀቱን ደግማ አየች።

«እዚህ አንድ ነው የሚለው» አለች።

«አዎ፣ አንድ ቦቲ።»

«ይኼ ሁለት ነው።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ሁለት ተቀብዬ ሞዴል 19 ላይ አንድ ብዬ ልጻፍ? ኦዲተር ሲመጣ ትርፍ ንብረት ተገኘባት ልባል?»

ሂደት መሪው ዘንድ ገባን። «ቁጥር» የሚለውን «ጥንድ» ብለን እናስተካክለው ስለው እስክሪብቶውን አነሳብኝ። የጸደቀ ሰነድ አይነካም። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ሰነድ አይደለም። በመጨረሻ ውሳኔ ሰጠ፤ አንዱ ቦቲ ገቢ ይሁን፣ አንዱ ለነጋዴው ይመለስ፣ በጀት ዓመቱ እየተዘጋ ስለሆነ ለቀሪው በአዲሱ በጀት ጥያቄ ይቅረብ። ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር እንኳ አልነበረም። ሴትየዋ ገመዱን ፈታች፤ ከላይ ያለውን አስቀርታ የታችኛውን ሰጠችኝ። ያስቀረችው የቀኙን ነው።

የግራውን ቦቲ አንጠልጥዬ በዝናብ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ያ ሦስት ፕሮፎርማ በአንድ እጅ የሚጽፍ፣ ስናቀው የኖርነው ነጋዴ ነገሩን ሰምቶ እስኪጨርስ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«ለሽማግሌው ውሰድላቸው እንጂ! አንድ ቦቲ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?»

«ያለ ሰነድ አልወስድም» አልኩት።

እንዲህ ነው ያልኩት። ቦቲውን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ወር ካገኘኋቸው ሰዎች ሰው የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ሞዴል 22 ላይ አውራ ጣታቸውን አትመው አንዲት ቦቲ ተረከቡ። አገላብጠው አዩዋት።

«የግራው?»

«በአዲሱ በጀት ጋሼ።»

በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። የንብረት ክፍሏ ሴት አገውኛ ትሰማለች፤ አንገቷን ደፋች። ምን አሉ ብላት «ተወው» አለችኝ። ሦስት ቀን ያህል የቀኙን ቦቲ በግራ እግራቸው አጥልቀው ዋሉ፤ ጣታቸውን ላጣቸው፣ አወለቁት። ከዚያ በኋላ ቦቲው ጥበቃ ቤቷ በር ላይ ብቻውን ቆሞ ከረመ። የቢሮው ሰው ሲገባና ሲወጣ «ሌላኛው ጥበቃ ደግሞ የት ሄደ?» እያለ ይቀልዳል። እኔም ቀልጃለሁ። እሳቸው ሐምሌንም ነሐሴንም በኮንጎ ጫማ ጭቃው ውስጥ ዋሉ።

በአዲሱ በጀት «ቦቲ፣ የግራ፣ ቁጥር፣ 1» ብዬ ጠየቅሁ። ሦስቱ ነጋዴዎች፣ ማለት ያው አንዱ እጅ፣ «በነጠላ አንሸጥም» ብለው ጻፉ። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ አዲስ ጥንድ እንዲገዛ ወሰነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አዲሱ ቦቲ ሲመጣ ጥር ነበር፤ መሬቱ ደርቋል።

ራሴ ወሰድኩላቸው። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቀኙን አጠለቁ። ግራውን እግር ሲዘረጉ አየሁት፤ ቁርጭምጭሚቱ የለም፣ ከባት እስከ ጣት አንድ ወጥ ሆኗል። ቦቲው ጣቶቹ ላይ ቆመ። ተንበርክኬ ገፋሁ። እሳቸው ትከሻዬን ይዘው ገፉ። ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

«ተው ልጄ፣ አትልፋ» አሉኝ። «ነርሷ ብላኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ራሴን የናቅሁት። ሂደት መሪውን መናቅ ቀላል ነው፤ ሲፈጠርም እስክሪብቶ ይዞ የተፈጠረ ነው። እኔ ግን የሽማግሌውን እግር በመጋቢት አይቼዋለሁ።

ጥቅም ላይ ያልዋለ ንብረት ተመላሽ ይደረጋል፤ ደንብ ነው። ቢሮዬ ገብቼ የተመላሽ ቅጹን አወጣሁ። የዕቃው ዓይነት፣ ቦቲ። ብዛት፣ 1። መለኪያ ከሚለው ሥር በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ ያለ ስርዝ ያለ ድልዝ፣ «ጥንድ» ብዬ ጻፍኩ።