ለማደጊያ የሚተው ጨርቅ

ቆራጯ እጇ ሥራ ካልያዘ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ነበረች። ቤቷ እንግዳ ቢመጣ እንኳ፣ እያወራች የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ደግሞ ታጥፋለች። በልብስ ስፌት ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ግን ይህ መቁነጥነጥ ይለቃታል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ረጅም ጠረጴዛ የእሷ ነው። ጨርቁን ድርብ በድርብ ታነጥፋለች፣ የካርቶኑን ንድፍ ታስቀምጣለች፣ ዙሪያውን በጠመኔ ትስላለች፤ ከዚያ ትልቁን መቀስ ስታነሳ ሌሎቹ ሴቶች ሳይታወቃቸው ወሬያቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሰፊ ቢሳሳት ይፈታል፤ ቆራጭ ከተሳሳተ ግን ጨርቁ ተመልሶ አይበቅልም።

ዕድሜዋን ሙሉ የቆረጠችው የተማሪዎችን የደንብ ልብስ ነው። ይህ ሥራ አንድ ሕግ አለው፤ ልጅ ያድጋል። ስለዚህ ከሱሪው እግር ሥር አራት ጣት ያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል፣ ከወገቡም ከኋላ ስፌቱ ውስጥ ትንሽ ይተዋል። ልጁ ሲመዘዝ እናት ስፌቱን ፈትታ ታወርድለታለች። ሴቶቹ ይህን ጨርቅ «ማደጊያ» ይሉታል። ቆራጯ መንገድ ላይ የሚያልፍ ልጅ ሱሪ ላይ የድሮው እጥፋት መስመር ደብዘዝ ብሎ ስታይ፣ «ይኸኛው ሁለቴ ተፈቶለታል፣ ጎሽ!» ብላ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች።

ታዲያ በዚያ ዓመት ድንበር ላይ ነገር ተበላሸ። ሬዲዮኑ ከጠዋት እስከ ማታ ማርሽ ይነፋ ጀመር። ማኅበሩም የወታደር ልብስ እንዲሰፋ ታዘዘ። ሊቀመንበሯ ሴቶቹን ሰብስባ፣ «የተማሪው ይቆየን። አገር ከሌለ ትምህርት ቤትም የለም» አለች። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ቆራጯ አላጨበጨበችም፤ አልተቃወመችምም። ጠመኔዋን በጣቶቿ መሃል ስታሽከረክር ቆየች።

እሷ በዚህ ነገር አፏን የማትከፍትበት ምክንያት ነበራት። አባቷ አናጢ ነበር። በቀድሞው ጦርነት «ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ» ተብሎ ተራው ሲደርሰው፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሞ፣ «ለአገሬ ልሙት፤ አልገድልም። አካፋ ስጡኝ፣ ቃሬዛ ስጡኝ፤ ጠመንጃ ግን እጄ አይገባም» አለ። አሰሩት። ሰፈሩም «እጀ ንጹሕ» የሚል ስም አወጣለት፤ ሙገሳ አልነበረም። ከዚያ ታላቅ ወንድሟ፣ ገና ጢም ያላበቀለ፣ ዘመተ። ሲመለስ ግራ እጁ ላይ የቀሩት ሁለት ጣቶች ነበሩ። አሁን የማኅበሩ የበር ዘበኛ ነው፤ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ፤ ስለ አባታቸው ግን አያነሱም። በልቧ የያዘችው ነገር ይህ ነበር፤ አባቷ ልክ ነበር፣ የልክነቱን ዕዳ ግን የከፈለው ወንድሟ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም አቅቷት፣ አንዱን ስታነሳ ሌላው እየወደቀባት ኖረች።

አሁን ደግሞ ጥሪው ለልጇ መጣ። አንድ ልጇ ነው፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ የቤቱ ምሰሶ፣ በየሰው ቤት የመብራት መስመር የሚዘረጋ ጎበዝ ሠራተኛ። እስከ ቅዳሜ ወይ ከዘማቾቹ ጋር አደባባይ ይገኛል፣ ወይ «እምቢ» ብሎ ይታሰራል።

«አያትህ ያሉትን ትላለህ፤ አለቀ» አለችው እራት ላይ።

«አያቴ እምቢ አሉ። የሄደው ግን ጋሼ ነው» አለ ልጁ። «እኔ እምቢ ብል ማን ይሄዳል እማ? የጎረቤታችን ልጅ ነው የሚሄደው። እሱ ለእኔ ይሙትልኝ?»

«ማንም አይሂድ!»

«እነዚያ ከድንበር ማዶ ያሉትም እንደ አንቺ ‘ማንም አይሂድ’ ቢሉ ጥሩ ነበር። እነሱ ግን እየመጡ ነው።»

«እነዚያም እናት አላቸው።»

«እናቶቹ መቼ መጡብን?»

ሳህኑን አነሳች፣ ያልተበላበት መሆኑን አይታ መልሳ አስቀመጠች፣ ውሃ ልትቀዳ ተነስታ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ከሄድክ አልሸኝህም» አለች በመጨረሻ። «እወቀው። ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

«አንቺ? አንቺ ወንበር ላይ ከተቀመጥሽማ ጦርነቱ ቆመ ማለት ነው» አለ ሊያስቃት። አልሳቀችም።

በዚያ ሳምንት የወታደሩን ሱሪ ስትቆርጥ ሰነበተች። ጨርቁ ወፍራም ነበር፣ የማሽን ዘይት ይሸት ነበር፤ መቀሱ ሲገባበት ያንገራግራል። ልቧ ከልጇ ጋር ሲሟገት እጇ ለብቻው ይሠራ ነበር። ንድፉን ታነጥፋለች፣ ከጫፉ አራት ጣቷን ታስቀምጣለች፣ ትስላለች፣ ትቆርጣለች። ሰፊዎቹም ከልማድ አጥፈው ሰፉት። ከሴቶቹ አንዷም ልብ አላለችውም።

ሐሙስ ጠዋት ተረካቢው መኮንን መጣ። ትሁት ሰው ነው፤ አዳራሹ ሲገባ ቆቡን ያወልቃል። ጨርቁ ለታዘዘው ያህል ሱሪ እንዳልበቃ ሲነገረው ቅንድቡን ሰበሰበ። ከክምሩ አንዱን ሱሪ አንስቶ ገለበጠው፣ ከእግሩ ሥር ያለውን ክር በጥፍሩ በጠሰው። እጥፋቱ ተፈታ፤ ጨርቁ ወረደ፣ ወረደ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ማደጊያ ነው» አለች ቆራጯ ሳታስበው። ከዚያ የተናገረችውን ራሷ ሰማችውና አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ምን አልሽ እናቴ?»

«ልጆቹ ሲያድጉ... የሚለቀቅ...»

አዳራሹ ውስጥ የአንድ ማሽን ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም ቆመ። የቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋዋ ሴት ከወንበሯ ብድግ አለች። ባሏ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ዘምቷል።

«ሳታስበው ነው እንዳትሉኝ! የእጀ ንጹሕ ልጅ ናት እኮ። አባቷ በአፉ እምቢ አለ፣ እሷ በመቀሷ። የእኔ ባል በሙታንታ ይዋጋ?»

«ኧረ ምላስ አጥንት የለውም!» አለች ሊቀመንበሯ። «አጥፈን የሰፋነው እኛ አይደለንም እንዴ? ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የልጅ ሱሪ የቆረጠች ሴት ምን ትቁረጥ?»

ቆራጯ ከሁለቱም ጋር አልነበረችም። ሆን ብዬ ነው? እያለች ራሷን ትጠይቃለች። አልነበረም። ወይስ ነበር? እጇን ገልብጣ አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

ወንድሟ ጩኸቱን ሰምቶ በሩን ትቶ ገብቷል።

«ወታደር አያድግም እናቴ» አለ መኮንኑ በለሰለሰ ድምፅ።

«ያድጋል» አለ ዘበኛው። «እኔ ስሄድ ሱሪዬ መሬት ይጠርግ ነበር። ስመለስ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀርቷል። አጠገቤ የነበሩትም እያደጉ ነበር።»

መኮንኑ ሽማግሌውን አየው፣ ሁለቱን ጣቶቹንም አየ። ከዚያ ሱሪውን አጣጥፎ ክምሩ ላይ መለሰው። «ይደጉ እንጂ አባቴ፤ እኔስ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ግን በእኔ ጨርቅ አይደለም። ግማሹ ጦር አሁንም የገዛ ልብሱን ለብሶ ነው ያለው። ትርፉ ዛሬውኑ ይቆረጥ፣ ከቁራጩ ኪስ ይውጣ» አለና ቆቡን አድርጎ ወጣ። የሚያስከፋ ነገር አልተናገረም፤ የተናገረውም ሐሰት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ቆራጯ ከክምሩ ሥር ተቀምጣ ማደጊያውን ትቆርጥ ጀመር። ወንድሟ ምላጭ ይዞ ከጎኗ ተቀመጠ፤ በሁለቱ ጣቶቹ ጨርቁን ይወጥራል፣ በቀኙ ክሩን ይበጥሳል። ሴቶቹ ራቅ ብለው ነበር።

«ልጁ ቅዳሜ ነው?» አለ ቀና ሳይል።

«አዎ። አልሸኝህም ብዬዋለሁ።»

የወንድሟ ምላጭ ቆመ። «ማን አስተማረሽ ይህን?»

«አባባ ቢኖር ኖሮ...»

«አባባ ቢኖር ምን እንደሚያደርግማ የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ አንተን በእሱ ምትክ ስለወሰዱህ አዝነህ...»

«ማን ወሰደኝ?» ፊቱን አዞረ። «አባባ ተራውን በእስር ከፍሏል። ከቤታችን ሌላ ሰው የጠየቀ አልነበረም። ራሴ ነኝ ሄጄ የተመዘገብኩት። የእጀ ንጹሕ ልጅ መባል አንገሽግሾኝ ነበር። ደግሞም ሰዎቹ እየመጡ ነበር፤ ያ ውሸት አልነበረም።»

መቀሷ በጨርቁ መሃል እንደ ተከፈተ ቀረ። ስንት ዘመን ሙሉ አባቷን በዚህ ስትከስሰው፣ ከስሳም ይቅር ስትለው ኖራለች።

«ልሰናበተው እስር ቤት ሄድኩ» አለ ወንድሟ። «ከሽቦው ማዶ መጣ። ሊስቅልኝ ነበር፣ አይቼዋለሁ። ከዚያ የለበስኩትን አየና ዞረ። ጀርባውን ሰጠኝ። ‘አባባ’ አልኩት። ‘አባባ፣ መሄዴ ነው።’ አልዞረም። ስመለስ አፈር ሆኖ ጠበቀኝ።»

«ታዲያ ትጠላዋለህ?»

«ልክ ነበር ይሆናል። እዚያ የሠራሁትን ሠርቼ፣ ልክ አልነበረም የምልበት አፍ የለኝም። ባንሄድ ደግሞ ዛሬ ይህ አዳራሽ የማን እንደሚሆን እግዜር ይወቅ። እሱን እኔ አልፈታውም፤ የተማሩትም ሲፈቱት አላየሁም። ግን ጠመንጃን እምቢ ማለት አንድ ነው፣ ልጅን እምቢ ማለት ሌላ ነው። አባባ ሁለቱ ተቀላቀሉበት።»

ምላጩን ወደ ክሩ መለሰ። እሷም መቀሷን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ተነሳች፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

ዓርብ ማታ ልጇን እንደገና ለመነችው። እምነቷን አልተወችም፤ ሰው ሰውን መግደሉ ዛሬም አይዋጥላትም። «ቃሬዛ ተሸከም፤ እንደ አያትህ ያንን ለምናቸው» አለችው።

«ጠይቄያለሁ እማ። ‘ቃሬዛውንም የሚሸከም ጠመንጃ ይይዛል’ አሉኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እሄዳለሁ። ደስ ብሎኝ መሰለሽ?»

ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳውን አንጠለጠለ። እናቱ ቃሏን አክብራ ወንበሯ ላይ ነበረች። ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት። «የጓዳውን ማብሪያ ቀይሬዋለሁ፤ ከእንግዲህ አይነዝርሽም» አላት። በሩ ተዘጋ።

የጫማው ድምፅ ከደጁ ወደ ጠጠሩ፣ ከጠጠሩ ወደ መንገዱ ሄደ። የመጋረጃውን ጫፍ ያዘች፣ ለቀቀች። ጉልበቷ ላይ የሌለ ክር ለቀመች። ከዚያ አንድ ነገር ልብ አለች፤ ወንበሩ ዞሯል፣ ጀርባዋም ለበሩ ነው። መቼ እንዳዞረችው አታውቅም።

ተነሳች። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ሮጠች፤ በዚህ ዕድሜዋ ሮጠች። አደባባዩ ላይ አውቶቡሶቹ ሞተራቸውን አስነስተው ቆመዋል፤ ሰው በሰው ላይ ነው። በክርኗም በትከሻዋም እየገፋች ከሦስተኛው አውቶቡስ በር ላይ አገኘችው።

«እማ! ወንበሩስ?»

«ዝም በል።» ኮሌታውን ይዛ አቃናችው፤ ኮሌታው ቀድሞም ቀጥ ያለ ነበር። «ስማኝ። ያልኩህን ሁሉ አልመልስም፤ እነዚያም እናት አላቸው። የምትይዘውን ነገር አልመርቅም፣ አልችልም። አንተን ግን እመርቅሃለሁ። ሂድና ና። እጅህ ምንም ሠርቶ ቢመጣ፣ ና። በሬ አይዘጋብህም።»

«ምንም ቢሠራ?»

«ምንም።»

ልጁ ከንፈሩን ነከሰ። ከኋላው የቆመው ወጣት አንገቱን በትከሻው በኩል አሰገገና፣ «እናቴ፣ ለእኔም ይጨመርልኝ፤ የእኔ እናት ሩቅ ናት» አለ። የእሱንም ኮሌታ አቃናችለት። «አንተም ና» አለችው። ሌላውም ጎንበስ አለ፣ ከዚያም ሌላው፤ ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፍቶ «ኧረ እናትዬ፣ መንገዱን!» እስኪል ድረስ እጇ ከአንገት ወደ አንገት ሲሄድ ነበር።

አውቶቡሱ ሲነቃነቅ ወንድሟን ከጎኗ አገኘችው። አቧራው እስኪበርድ አብረው ቆሙ። ከዚያ መራመድ ጀመረች፣ ፈጥና።

«አንቺ ልጅ፣ ቤቱ በዚህ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ወዴት ነው?»

«እኔ እንጃ። እዚያ ወንበር ላይ ግን ተመልሼ አልቀመጥም። ዝም ብለህ ና» አለችው ሳትዞር፤ እርምጃዋንም አላቀዘቀዘችለትም።